ውባንተ ያልሸመነው ስንዝር

ሸማኔው ውባንተ የሞተው ጥጥ ላይ ነው። ከመሸመኛው ጉድጓድ አጠገብ በተከመረው፣ ገና ፍሬው ባልወጣለት የቆላ ጥጥ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ከጆሮው በላይ ያለውን ስንጥቅና የቀላውን ጥጥ ላላየ ሰው፣ ከሥራው አረፍ ያለ ይመስል ነበር። የተመታበት ብረትም ሩቅ አልሄደም፤ ጥጡን ከፍሬው የሚለይበት የራሱ መዳመጫ እዚያው ክምሩ ሥር ተወሽቋል።

ኢንስፔክተር አይናዲስ በሩ ላይ ቆማ ክፍሏን በዓይኗ ትዞራለች። ፀሐይ ወደ ሱዳን ወገን እያዘቀዘቀች ነው። የመተማ ዮሐንስ ሙቀት ግን ለፀሐይ መጥለቅ ደንታ የለውም፤ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል።

«ጉዳዩ አልቋል» አላት ሳጅን ባየልኝ። «ደምለው የሚባል የጎጃም የቀን ሠራተኛ ነው። ከዚህ ግቢ ጋቢ ታቅፎ ሲሮጥ ጎረቤት አይታዋለች። እጁ ላይ ደም አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረን?»

«እኔንጃ» አለችው።

ባየልኝ ነገር ቶሎ ሲያልቅ ደስ የሚለው ሰው ነው። አይናዲስ ደግሞ ቶሎ ያለቀ ነገር እህል ውሃ አያሰኛትም፤ ክፉ አመል ነው፣ አለቆቿም በስልክ ሲነጫነጩባት ኖረዋል።

ውጭ ጩኸት ተነሣ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ይርዳው ክላሹን አንግቶ፣ ከሰው እጅ ለመውጣት ይታገላል።

«እናንተ ገዳዩን ቆልፉበትና ቀልቡት» አለ ወደ አይናዲስ። «እሱም እንደኔ ወንድም አለው። ኪዳን ይባላል አሉ። ሸሕዲ ላይ ሥራ ሲጠብቅ ነው የሚውል። አያ ውባንተን አፈር እስካለብሰው ነው የምታገሥ፤ ከዚያ በኋላ ወንድም በወንድም ነው።»

«ተው ልጄ» አሉ የያዙት ሰው። «ቀብር ሳይደርስ የደም ነገር አይነሣም። ለኔ ስትል።»

እኒህ ሰው ጋሽ አዛናው ናቸው። ባለትራክተር፣ ባለሰፊ የሰሊጥ ማሳ፣ የከተማው አስታራቂ። አገሩ በሙሉ በሸበጥ ሲሄድ ዛሬ እሳቸው የተሸፈነ ጥቁር ጫማ አድርገዋል። በመጪው እሑድ ልጃቸውን እየሩስን ስመ ጥር ለሆነ የአርማጭሆ ቤተሰብ ይድራሉ። ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አዛናው አያት ቅድመ አያታቸውን እስከ ሰባተኛው አንድም ሳይደናቀፉ ዘረዘሩ ተብሎ በከተማው ይወራል። ከተማው እሳቸውን አንቱ፣ ሸማኔውን አንተ ይል ነበር፤ እኛም በከተማው አፍ እንሂድ።

አዛናው ይርዳውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ አይናዲስ ዞሩ። «ከገበያ ሰዓት ጀምሮ ዋርካው ሥር ሽምግልና ላይ ነበርን። ብንሰማ ኖሮ እንደርስለት ነበር» አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል።

*

ጎረቤቷ አየሁሽ ጎመን ነጋዴ ናት። አጥሯ ከሸማኔው አጥር ጋር አንድ ነው።

«ቀትሩ ሲበርድ ወደ ገበያ ልወጣ ስል፣ እንደልማዴ ‘ጋሽ ውባንተ፣ ቁልፌን ላኑርልዎት?’ አልኩ» አለች።

«ምን መለሱልሽ?»

«ምን ይመልሳሉ፤ ይሸምኑ ነበር። እሳቸው እቴ መወርወሪያ ከያዙ ንጉሥ ቢጠራቸው አይሰሙም። ድሩ ይቀየመኛል ነው የሚሉ። ጎመኔን አጥሩ ሥር እያሰርኩ ብዙ ቆየሁ፤ ቷ፣ ቷ ሲል እሰማዋለሁ። አስሬ ስጨርስ ቁልፌን በወገቤ ቋጥሬ ሄድኩ።»

«ስትመለሺስ?»

«ያ ልጅ ጋቢ በብብቱ ይዞ ሲወጣ ተገጣጠምን። ሲያየኝ ሮጠ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ከኔ በኋላ የገባ እሱ ብቻ ነው። እኔ ስሄድ በሕይወት ነበሩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የጆሮ ምስክር ነው። ባየልኝ ራሱን ነቀነቀ።

*

ደምለው ጣቢያው ወለል ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ እጁ ተሰነጣጥቋል።

«እኔ አልገደልሁም እመቤቴ» አለ። «ጋቢዋ የእናቴ ናት። ደጋው በረዶ ነው፤ ለክረምቱ ብየ አሠራኋት። ዛሬ ልወስዳት መጣሁ። ብጠራ ዝም አሉኝ። ገብቸ ተኝተው መስሎኝ ትከሻቸውን ነቀነቅሁ። እጄ ረጠበ።»

«ለምን አልጮህክም?»

«እንግዳ ሰው ሬሳ አጠገብ ሁኖ ቢጮህ ማን ያምነዋል? ጋቢዋ ታጥፋ መደቡ ላይ ነበረች። አነሣሁና ሮጥሁ።»

«ከማሳ መቼ ገባህ?»

«ገበያው ከደራ በኋላ ነው። በሰሊጥ መኪና፣ ሙሉ ጭነት ሰው ሁነን። ጠይቋቸው።»

ጠየቀች። እውነቱን ነው፤ ግን እውነቱ አልረዳውም። አየሁሽ ገበያ ከሄደች በኋላ ውባንተ ብቻውን ነበር፤ ደምለው ከተማ የገባውም ከዚያ በኋላ ነው።

«ወንድምህን ከሸሕዲ ውጣ በለው» አለችው።

ደምለው ቀና ብሎ አያት። ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶታል። «ኪዳን ስልክ የለውም» አለ። «ምንም አያውቅም እመቤቴ። እኔን ሲጠብቅ ነው የሚውል፣ አብረን ልንሄድ።»

ሸሕዲ ያሉ ፖሊሶች ዘንድ ደወለች። እንፈልገዋለን አሉ። በመኸር ወራት ሸሕዲ ላይ ሥራ ከሚጠብቅ ሕዝብ መሃል አንድ ኪዳንን መፈለግ ከጆንያ ሰሊጥ አንዷን ፍሬ እንደ መፈለግ መሆኑን እነሱም እሷም ያውቃሉ።

*

ጠዋት አስከሬኑ ከሆስፒታል ተመልሶ ለቀብር ሲዘጋጅ፣ አይናዲስ ወደ ሸማኔው ክፍል ተመለሰች። ሐኪሙ በዚህ ሙቀት የሞተበትን ሰዓት ለይቶ መናገር ያስቸግራል ብሏታል። የምትፈልገውን ሳታውቅ መዳመጫ ድንጋዩን አየች፣ የማጉን ልቃቂት አገላበጠች፣ ወጣች፣ ገባች።

አይናዲስ የሳንጃ ልጅ ናት። እናቷ ፈታይ ነበሩ። የፈተሉትን ለሸማኔ የምታደርሰው እሷ ነበረች፤ እስኪመዝነውና እስኪመርጠው ድረስ በሩ ላይ ቁጭ ብላ የእግሩንና የእጁን ሥራ ስታይ አድጋለች። የሰፈር ልጆች ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ሲሰድቡት እሷም አንድ ሁለቴ አብራ ብላለች። ሰው የሚለብሰውን ከሚሠራለት ሰው ጋር ማዕድ ለመቁረስ የሚጠየፍበት አገር ነበር፤ አሁንም ቢሆን ጋብቻ ላይ ሲደርስ ብዙ አልተሻለም።

መሸመኛው ላይ ኩታ ተወጥሯል። መስኮቱን ከፈተችና ብርሃን ከጀርባው አስገባችበት። የውባንተ ሥራ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ግን ብርሃኑ እንደ ወንፊት ሾለከ። ማጉ ላልቷል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ሌላ እጅ ነው የሠራው።

ጎንበስ ብላ ቀረበች። በዚያችው ስንዝር መሃል አንድ የድር ክር ተበጥሶ ነበር። ተቀጥሏል፤ ያውም በትንሽ፣ በጠንካራ፣ ጣት ካልዳሰሳት በማትታይ ቋጠሮ።

አይናዲስ መዳመጫ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

አየሁሽ ከአጥሩ ማዶ ስትጣራ ውባንተ ሞቷል። ገዳዩ መውጫ አጣ፤ ዝም ቢል ሴትየዋ ቁልፏን ይዛ ትገባለች። ስለዚህ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሸመነ። ጎመን እስክትታሰር ሸመነ። ክሩ ሲበጠስበት ደግሞ፣ የሰው ነፍስ አጥፍቶም፣ የተበጠሰ ድር ትቶ ማለፍ አልቻለም፤ ቋጠረው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ሸማኔ ብቻ ነው።

«ደምለው ነፃ ነው» አለችው ለባየልኝ። «ግድያው ሲፈጸም እሱ ገና መኪና ላይ ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ባየልኝ። «እዚህ ሰፈር ከሟቹ በቀር ሸማኔ የለም።»

«ነኝ የሚል የለም በል።»

*

መጀመሪያ የጠረጠረችው ይርዳውን ነው። ያው አንድ ቤት ያደጉ ናቸው፣ ሽመናውን ሳያይ አይቀርም፤ የሚጮኸው ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ለብቻው አገኘችው።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«አውልቅ ነው የምልህ።»

መሸመኛው ውስጥ እግር ሥራ አይፈታም። የመርገጫው ገመድ በእግር አውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መሃል ይያዛል። ባለሙያ ከሆነ ቆዳው ደድሯል፤ የተወው ሰው ከሆነ ግን ስንዝር እስኪሸምን ገመዱ ይልጠዋል። ይርዳው እያጉረመረመ አወለቀ። ከጣቶቹ መሃል የማሳ አቧራ እንጅ ቁስል የለም።

«አያ ውባንተ ሊያስተምረኝ ለምኖኝ ነበር» አለ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያጠልቅ። «ከምሰደብ ብየ እምቢ አልኩት። በሰው ፊት ወንድሜ ነው ማለት አፍሬ አውቃለሁ፣ ሰማሽ? አሁን ምን ቀረኝ? ደሙን መመለስ ነው የቀረኝ።»

«የያዝነው ልጅ አልገደለም።»

«ትናንት ገዳይ፣ ዛሬ ጻድቅ። እናንተ እንደፈለጋችሁ ሁኑ» ብሎ ትቷት ሄደ።

ፍትሐቱ ሲጀመር ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በሩ ላይ እያወለቁ ገቡ። አይናዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ መግቢያ በኩል ቆማለች። ዓይኗ በየእግሩ ይንከራተታል፤ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ጸሎት ላይ አልነበረችም። ጋሽ አዛናው ጥቁሩን ጫማቸውን ሲያወልቁ ፊታቸው ተጨማደደ። ከአውራ ጣታቸው አጠገብ፣ በሁለቱም እግር፣ ሥጋው ተልጦ ቀልቷል። ሸበጥ የጠሉት ወድደው አይደለም፤ የሸበጥ ማንገቻ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

*

«ጫማው ነው የላጠኝ» አሉ አዛናው። ጣቢያው ውስጥ፣ ከአይናዲስ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «ለሰርጉ የገዛሁት አዲስ ጫማ ነው።»

«የተሸፈነ ጫማ ተረከዝ ይልጣል ጋሽ አዛናው። የጣት መሃል አይገባም።»

«አንች ልጅ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«እሱን ነው የምጠይቅዎት። ሽመና የት ተማሩ?»

የአዛናው ዓይን ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም። ከመሸመኛው የወረደው ኩታ ከነመጠቅለያ እንጨቱ ተጣጥፎ እዚያ ተቀምጧል። «የኔ ዘር አራሽ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰባት ቤት ተቆጥሯል።»

ከዚህ በላይ የያዘችው ነገር የለም። የተላጠ እግር ሰው አያስፈርድም፤ ከተማውም ለአስታራቂው ይምላል። ይርዳው ደግሞ ቀብሩ እንዳበቃ በሸሕዲ ሚኒባስ ሲሳፈር ታይቷል። ስልኩን ደጋግማ ሞከረች። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ደረሰች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ደወለች።

አነሣው። ከጀርባው የሕዝብ ጫጫታ ይሰማል።

«አይቸዋለሁ» አለ ይርዳው። «የአገሩ ልጆች አሳዩኝ፤ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ይጨርስ ብየ ነው።»

«ይርዳው፣ ስማኝ...»

በሩ ተንኳኳ። ባየልኝ አንድ ሽማግሌ በእጁ እየመራ ገባ። ዓይናቸው ነጭ ሸፍኖታል። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የመኪና አቧራ ለብሷል።

«መናኸሪያ ቁመው ውባንተን ጥሩልኝ ይላሉ» አለ ባየልኝ። «አልነገርኳቸውም።»

አዛናው ሽማግሌውን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሲሸሽ አይናዲስ በዓይኗ አየች። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አትዝጋው» አለችው ለይርዳው። «ምንም አልለምንህም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አድምጥ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ ይቀመጡ። ስምዎት ማን ነው?»

«ቢሻው እባላለሁ። ሸማኔ ነበርኩ፣ ዓይኔ እስኪከዳኝ። ውባንተ ተማሪዬ ነው። ሰርግ አለ ና፣ ኩታ ሠርቸልሃለሁ ብሎ ላከብኝ። የማን ሰርግ ነው ብየ ብጠይቀው፣ የምታውቀው ሰው ነው፣ ስትመጣ እነግርሃለሁ አለ።» ፈገግ አሉ። ጥርስ አልቀራቸውም። «መኪናው ድረስ እቀበልሃለሁ ብሎኝ ነበር፤ ሥራ ያዘው መሰል።»

አዛናው አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል።

አይናዲስ የምታደርገው ነገር ጭካኔ መሆኑን ታውቃለች። ሸሕዲ ላይ ዳቦ የሚበላውን ሰው አሰበችና ኩታውን ሽማግሌው ጉልበት ላይ ዘረጋችላቸው።

«ይህ ነው ኩታዎ» አለች።

አባ ቢሻው በጣቶቻቸው ዳሰሱት። «ውባንተ» አሉ። «አሁንም እጁ አልላላም። ሁሌም እንዲህ ነው፣ ማግ ሲመታ ጠላቱን የሚመታ ይመስለዋል።» እየዳሰሱ ወረዱ። የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ደግሞ ወረደ። ቋጠሮዋን አገኟት። በጥፍራቸው ነካኳት።

«ይህንን ማን ሠራው?»

ቋጠሮዋን እንደገና ዳሰሱ።

«ግራኝ ነው የቋጠረው። ወደ ግራ አጥብቆ፣ ጫፉን ወደ ታች ወሽቆ። እንደዚህ የሚቋጥር አንድ ሰው ነው ያስተማርኩ፤ ስቆጣው ኖሬ አልተወውም።» ኩታውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «አለምሰገድ ነው። ልጄ ነው። የሸማኔ ልጅ መባል አስጠልቶት ወጣት ሳለ ጠፋ፤ ሞቷል ብየ ተዝካሩን አውጥቻለሁ። ውባንተ አግኝቶት ነው ለካ። አብረው ይሸምናሉ ማለት ነው?»

ኩታውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ጉንጫቸውን አስነኩት።

«ልጄ የት ነው? ውባንተስ?» አሉ አባ ቢሻው። «ምነው ዝም አላችሁኝ? ውባንተን ጥሩልኝ፣ ይንገረኝ።»

አዛናው ከወንበሩ ተንሸራተው ወለሉ ላይ በጉልበታቸው ወረዱ። አቧራ የለበሰውን የአባታቸውን እግር ያዙ።

«አባባ» አሉ። «ውባንተ አይመጣም። እኔ ገደልኩት።»

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እንዳትመጣ ብየ ለመንኩት» አሉ አዛናው። «ለሰው ሁሉ ስሜን ለውጨ የሌላ ሰው ልጅ ነኝ ብያለሁ። ሰርጉ ይፈርሳል፣ እየሩስ ታፍራለች አልኩት። እሱ ሳቀና ይህንን ኩታ አሳየኝ። አባትህ ለብሶት ከፊት ሲቀመጥ አገር ያያል አለኝ። ደስ ብሎት ነው የሚናገር። ብረቱን ያነሣሁት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሴትየዋ ተጣራች፤ ቁጭ አልኩና ያንተን ኩታ ሸመንኩ አባባ።»

የፈሩት ይደርሳል የተባለው ለዚህ ነው። አባ ቢሻው እጃቸውን ወደ ታች አወረዱ። የልጃቸውን ራስ አገኙት፤ አልገፉትም፣ አላቀፉትምም። ጣታቸው ብቻ ሽበቱን እየደባበሰ ቆየ። ሞቷል ብለው ተዝካሩን ያወጡለት ልጅ ይህ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ተንኮሻኮሸ። የሸሕዲ ጫጫታ አሁንም ይሰማል።

«ይርዳው» አለች አይናዲስ። «ሰማህ?»

አንድ ሰው ጆንያ ሲያነሣ፣ ሌላው ሲስቅ ተሰማ።

«አባ ቢሻው ናቸው እንዴ?» አለ ይርዳው። ድምፁ ቀጥኗል። «ልጅ ሳለሁ ቤታቸው በልቻለሁ።»

«እሳቸው ናቸው። ኪዳንስ?»

«ሂዷል። በልቶ ጨርሶ ሄደ። ወደ እናንተ በሚመጣው መኪና ነው የተሳፈረ፣ ወንድሜ ቀረብኝ እያለ።» አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። «እኔም በኋላው ባለው እመጣለሁ። ሽማግሌውን ማንም እንዳይወስዳቸው። ለማታ ማደሪያ የላቸውም፣ እኔ ዘንድ ያድራሉ። ልጃቸውን ግን ከዓይኔ አርቂልኝ፤ ከመድረሴ በፊት ወደ ሌላ ጣቢያ ውሰጅው።»

አይናዲስ ለባየልኝ በዓይኗ አመለከተችው። እሱም መኪናውን ሊያስነሣ ወጣ።